ለቴኳንዶ ስም ያወጣው ጄኔራል

አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት የቴኳንዶ ክለቦች ካሉ ልጆቹን ከልብሳቸው መለየት ትችላላችሁ። የአንደኛው ክለብ ጥቁር ቀበቶዎች ከፊት የሚከፈት፣ የታችኛው ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥለት ያለው፣ ከጀርባው ዛፍ የሚመስል ጽሑፍ የታተመበት ነጭ ልብስ ይለብሳሉ። የሌላኛው ክለብ ደግሞ እንደ ሹራብ በራስ የሚጠለቅ፣ አንገቱ ዙሪያ ጥቁር የሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢንተርናሽናል፣ ሁለተኛዎቹ ወርልድ ይባላሉ። ሁለቱም ቴኳንዶ ነን ይላሉ፤ ሁለቱም እግር ይወረውራሉ። ግን በአንድ ሻምፒዮና አይወዳደሩም፣ የአንዱ የዳን ወረቀት ሌላው ጋ በቀጥታ አያገለግልም፣ ኦሊምፒክ የሚሄደውም አንዱ ብቻ ነው። አዲስ የሚመዘገብ ልጅ ይሄን የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። ቤቱ አጠገብ ያለውን ክለብ ይመርጣል፣ ወይም ጓደኛው ያለበትን። ከአምስት ዓመት ላብ በኋላ ነው የገባበት በር የት እንደሚያደርስ የሚያውቀው።

የዚህ መከፈል ታሪክ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የተጣበቀ ነው። ሰውየው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ይባላል። ቴኳንዶ የሚለውን ስም አወጣ፣ ስፖርቱን ይዞ ዓለምን ዞረ፣ ከዚያ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፣ በመጨረሻም በጦርነት ሲዋጋው በነበረው መንግሥት ዋና ከተማ ተቀበረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ቦታ ስታነቡ እንዳይምታታባችሁ።)

ቾይ የተወለደው ኖቬምበር 9 ቀን 1918 ሚዮንግቾን በሚባል አካባቢ ነው። ቦታው ዛሬ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ይገኛል። ያኔ ግን ሰሜንና ደቡብ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው አንድ ኮሪያ ነው፣ እሱም ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር። ልጁ ቀጫጫና በሽታ የማይለየው ነበር። ካደገ በኋላም በጣም አጭር ሰው ሆኖ ቀረ፤ በየፎቶው ላይ ከተማሪዎቹ መሃል ሲቆም በቁመቱ ወዲያው ይለያል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በጃፓኖች ላይ ተማሪ አነሳስተሃል ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረረ። አባቱ ሃን ኢል ዶንግ የሚባል የቁም ጽሕፈት መምህር ዘንድ ላኩት። መምህሩ ከብሩሽና ከቀለም ጎን ለጎን ቴክዮን የሚባለውን የቆየ የኮሪያ የእግር ጨዋታ አስተማሩት። ቴክዮን ማለት ሁለት ሰዎች እንደ ዳንስ እየተወዛወዙ በእግር እየጠለፉና እየረገጡ አንዱ ሌላውን ለመጣል የሚሞክርበት ነው።

ይህን የምናውቀው ራሱ ቾይ ከተረከው ነው። ምን ያህል ቴክዮን እንደተማረ፣ ጭራሽ ተምሮ እንደሆነም የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። የሚጠራጠሩበት ምክንያት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ላይ ነው።

በ1937 ቾይ ለትምህርት ወደ ጃፓን፣ ወደ ኪዮቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ከአንድ የሰፈር ታጋይ ጋር ተጣልቷል። ታጋይ ስል ትግል የሚገጥም፣ ግዙፍ ሰው ማለቴ ነው። ነገሩ የቁማር ገንዘብ ነበር። ትንሹ ቾይ የቀለም ብልቃጥ ወርውሮ ግንባሩን ፈነከተውና ጠፋ። ሰውየው ሲመለስ እጅና እግሩን እንደሚገነጣጥለው ዝቶ ቀረ። ኪዮቶ ላይ አንድ ኮሪያዊ ካራቴ ከሚያሠለጥን ሰው ጋር ያገናኘው ይሄ ፍርሃት ነው። በየመንገዱ ያገኘውን የመብራት ምሰሶ ሁሉ እየመታና እየረገጠ፣ ከላይ ያለው ሽቦ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ቀና ብሎ ያይ ነበር። በሐሳቡ ያለው ያ ታጋይ ነው።

ይሄን ታሪክ የምወደው እውነት ስለሚመስለኝ ነው። አብዛኛው ሰው ክለብ የሚመዘገበው ስለ ምሥራቅ ፍልስፍና አንብቦ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚያስቸግረው ልጅ አለ፣ ማታ ሲመለስ የሚፈራው መንገድ አለ፣ ወይም ሰውነቱን አይወደውም። ቾይም እንዲሁ ነው የጀመረው። ሲመለስ ታጋዩ ምንም አላለውም፤ እሱ ግን የካራቴ ሁለተኛ ዳን ይዞ ነበር። ልብ በሉ፣ ካራቴ ነው፤ የጃፓን ሾቶካን ካራቴ። ኋላ የኮሪያ ጥንታዊ ጥበብ ብሎ ለዓለም ያቀረበው ነገር አጥንቱ የገዢዎቹ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጦፍ ጃፓን ኮሪያውያን ተማሪዎችን በግድ እያፈሰች ወታደር ታደርግ ነበር። ቾይም ተወሰደ፣ ፒዮንግያንግ ተመደበ። እዚያ ከሌሎች ኮሪያውያን ወታደሮች ጋር ሊያምፅና ሊያመልጥ ሲዶልት ተያዘና ታሰረ። ጊዜውን ክፍሉ ውስጥ ካራቴ እየሠራ አሳለፈ፤ ቆይቶ እስረኞቹም ጠባቂውም አብረውት ይሠሩ እንደነበር ይተርካል። በኦገስት 1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ ተፈታ። በ1946 መጀመሪያ አዲስ በተቋቋመው የደቡብ ኮሪያ ጦር ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ሆነ፣ ለሥልጠናም አሜሪካ ተልኮ ተመለሰ። የትውልድ ቀዬው በሌላኛው በኩል ቀረ።

ከዚያ የኮሪያ ጦርነት መጣ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ፑሳን ሲወርዱ ቾይ በዚያው ጦርነት ውስጥ የደቡብ ጦር መኮንን ነበር። ጦርነቱ በቆመበት በ1953 ጄኔራል ሆኖ ጄጁ ደሴት ላይ 29ኛውን እግረኛ ክፍለ ጦር አቋቋመ። የክፍለ ጦሩ ምልክት በኮሪያ ካርታ ላይ ያረፈ ቡጢ ነው። ምልክቱ እንዲሁ ለጌጥ አልነበረም፤ ቾይ ወታደሮቹን ሁሉ ያሠለጥን ነበር። በቴክኒክ ግን እሱን የሚበልጡ ወጣቶች አጠገቡ ነበሩ፤ ከእነሱ ዋናው ናም ቴ ሂ ነው።

1954 ላይ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የወታደሮቹን ትርዒት ቆመው ተመለከቱ። ናም ቴ ሂ የተደረደሩ 13 የጣሪያ ሸክላዎችን በአንድ ቡጢ ሰበረ። ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ተደንቀው ይህማ ቴክዮን ነው የሚል ነገር ተናገሩ። አልነበረም፤ ካራቴ ነበር። ግን ከጃፓን ነፃ ከወጣች ገና አሥር ዓመት ያልሞላት አገር መሪ የቅድመ አያቶቼ ነው ብሎ ካመነ፣ የጃፓን ነው ብሎ የሚያርመው ጄኔራል የት ይገኛል? ሪ ለጦሩ ሁሉ እንዲሰጥ ፈለጉ። ለቾይ የቀረው ስም ማግኘት ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሴዑል ውስጥ በርካታ ማሠልጠኛዎች ነበሩ፣ እያንዳንዱ የራሱን ስም ይጠቀማል፦ አንዱ ታንግሱዶ፣ ሌላው ኮንግሱዶ። ሁለቱም ስሞች ካራቴ የሚለውን የጃፓን ቃል በኮሪያኛ ማንበብ ናቸው። ቾይ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ ከቴክዮን ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ያለው ቃል አገኘ። ቴ በእግር መርገጥ፣ ኩዋን ቡጢ፣ ዶ መንገድ። ኤፕሪል 11 ቀን 1955 ስሙን ለመምረጥ የተሰበሰበው ጉባኤ ተቀበለው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ቾይ ያን ቀን አዲስ ርግጫ አልፈጠረም። የፈጠረው ብራንድ ነው። ደርዘን ክለቦች በየፊናቸው የሚሸጡትን ተመሳሳይ ዕቃ አንድ ስም፣ አንድ ታሪክና አንድ ባንዲራ ሰጠው። ስሙ ውስጥ እግር ቀድሞ ቡጢ መከተሉ ደግሞ ዕቃው ራሱ እንዲለወጥ አደረገ። ካራቴ እጅ ይበዛበታል። ከካራቴ መለየት የፈለገ ኮሪያዊ አሠልጣኝ እግሩን ወደ ላይ ማንሳት ነበረበት፤ ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ፊት፣ ከዚያ ዞሮ፣ ከዚያ ዘሎ። በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የሆነው ይሄው ነው። ጥንት ኮሪያውያን እየዘለሉ በእግር ፈረሰኛ ከፈረሱ ላይ ይጥሉ ነበር የሚለው ወሬ ርግጫዎቹ ከመጡ በኋላ የተሰፋላቸው ተረት ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ለአጭር ሰው ግን እግር ትርጉም ይሰጣል። ከእጅ ይረዝማል፣ ጡንቻውም ይበልጣል። ቾይ ኋላ ባሳተመው 15 ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነገሩን በፊዚክስ አስቀምጦታል። የምት ጉልበት በክብደትና በፍጥነት ይወሰናል፤ ክብደት በእጥፍ ቢጨምር ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል፣ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ግን በአራት እጥፍ። ክብደትህን የሰጠህ ተፈጥሮ ነው፣ ፍጥነትህን ግን ልምምድ ይጨምረዋል። ይሄ ትንሽ ሰው ለትንሽ ሰዎች ያሰበው ሒሳብ ነው፤ የቴኳንዶ ትልቁ ማራኪነትም እዚህ ይመስለኛል። አርባ አምስት ኪሎ የሆነች ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ከራሷ የሚረዝም ሰው ፊት ላይ እግሯን ማሳረፍ ትችላለች። ያን የምታደርገው ለራሷ ካየችው በኋላ አቋቋሟ ራሱ ይለወጣል።

ርግጫዎቹን ተከትሎ 24 ፓተርኖች መጡ። ፓተርን ማለት ከሐሳብ ተቀናቃኝ ጋር የሚሠራ፣ የእያንዳንዱ እርምጃ ቅደም ተከተል የተወሰነለት እንቅስቃሴ ነው። ቁጥሩ 24 የሆነው የቀኑን 24 ሰዓት እንዲወክል ነው፤ የሰው ዕድሜ ከዘላለም አንጻር አንድ ቀን ናት በሚል። የመጀመሪያው ቾን ጂ 19 እንቅስቃሴ አለው። ብዙዎቹ የተሰየሙት በኮሪያ ታሪክ ሰዎች ነው፦ በንጉሥ፣ በመነኩሴ፣ በፈላስፋ፣ ጃፓናዊ ባለሥልጣን ገድሎ በተሰቀለ አርበኛ። ለቀይ ቀበቶ የሚሠራው ቹንግ ሙ በባሕር ኃይል አዛዡ በዪ ሱን ሲን ስም ነው፤ በግራ እጅ ጥቃት የሚያልቀው ሰውየው ሙሉ ችሎታውን ለንጉሡ ሳያሳይ መሞቱን ለማስታወስ ነው ይባላል። ማንም አዲስ አበባ፣ አርጀንቲና ወይም ፖላንድ ያለ ልጅ ስለ ኮሪያ ታሪክ ሳያስበው በእጅና በእግሩ ያነበንባል። እንደ ፕሮፓጋንዳ ካያችሁት በጣም የተዋጣለት ነው። እንቅስቃሴዎቹን ቀረብ ብሎ ያየ ካራቴ የሚያውቅ ሰው ግን ከሾቶካን ካታዎች የተወሰዱ ቁርጥራጮችን ያገኛል።

እግር ላይ መቆም ዋጋም አለው፤ ይሄን ክለቦች ሲመዘግቡ አያወሩትም። ስትረገጥ በአንድ እግር ነው የምትቆመው። የሚያዝ ሰው ከያዘህ፣ መሬቱ ካንሸራተተህ ወይም ጠባብ ጂንስ ከለበስክ አለቀ። በሚኒባስ ውስጥ ወይም ጠባብ ኮሪደር ላይ የፊት ርግጫ የሚባል ነገር የለም። ሳያሟሙቁ ከፍ አድርጎ መወርወር ጭን ያስበጥሳል። በሚሽከረከር ርግጫ ጊዜ የቆመው እግር ካልዞረ ጠመዝማዛው ሁሉ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው፤ የጉልበት ጅማት ደግሞ አንዴ ከተበጠሰ እንደ ድሮው አይሆንም። አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ልጅ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ጭኑን በግድ የሚከፍቱ አሠልጣኞችን አይቻለሁ። ልጁ ያለቅሳል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ይሄም ጥንካሬ ይባላል። ፊት ላይ የሚያርፍ እግር ስለ አእምሮ መናወጥ ካልተነጋገርን ደግሞ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

አደጋው በሕጉም ይወሰናል። የወርልድ ውድድር ላይ ደረት የመታ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ 3፣ ዞሮ ጭንቅላት የመታ 5 ነጥብ ነው። በቡጢ ፊት መምታት ክልክል ነው። ነጥብ ዋጋ ነው፣ ሰው ደግሞ ዋጋ ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ እጃቸውን ወደ ታች ጥለው፣ አንድ እግር አንስተው እንደ ጎራዴ ሲሻሙ ታያላችሁ። በቾይ በኩል ፊት በቡጢ መምታት ይፈቀዳል፣ እጅም ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ይሄ ልዩነት ከየት መጣ ብላችሁ ስትጠይቁ ወደ ጄኔራሉ ጠብ ትመለሳላችሁ።

በ1961 ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ፓርክ ቀደም ሲል፣ ጦሩ ውስጥ ኮሙኒስቶች ሲታደኑ፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፤ ቾይ ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩ ይላል። እንግዲህ የፈረዱበት ሰው አገር መሪ ሲሆን አስቡት። ቾይ ከጦሩ ወጥቶ በ1962 አምባሳደር ተደርጎ ማሌዥያ ተላከ። ሥልጣን ለማይፈለግ ሰው አምባሳደርነት የተለመደ መሸኛ ነው፣ እኛም እናውቀዋለን። እሱ ግን ኤምባሲውን ማሠልጠኛ አደረገው። በ1965 የትርዒት ቡድን ይዞ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቱርክ፣ ግብፅ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር ዞረ። ማርች 22 ቀን 1966 ሴዑል ላይ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ አይ ቲ ኤፍን መሠረተ። ከዘጠኙ መሥራች አገሮች አንዷ ግብፅ ነበረች፤ አፍሪካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረችበት ማለት ነው።

ቾይ ጥሩ አለቃ አልነበረም። ግትር ነው፣ የሚቃወመውን ያባርራል፣ ሁሉንም እኔ ፈጠርኩት ይላል። አብረውት የሠሩ ጌቶች አንድ በአንድ ተለይተውታል። መንግሥት በበኩሉ ቴኳንዶን ለአገር ገጽታ ፈልጎታል፣ ግን ያለ ቾይ። በ1971 ኪም ኡን ዮንግ የሚባል ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ የሆነ ሰው የኮሪያ ቴኳንዶ ማህበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1972 ቾይ ወደ ካናዳ፣ ወደ ቶሮንቶ ተሰደደ። በዓመቱ፣ ሜይ 28 ቀን 1973 ሴዑል ላይ ሌላ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ፕሬዚዳንቱ ኪም ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ደብሊው ቲ ኤፍ ተባለ። በ2017 ስሙን ወርልድ ቴኳንዶ ብሎ ያሳጠረው ለምን እንደሆነ ቻት የምታደርጉ ሁሉ ትገምታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሁለት ስታንዳርድ ጦርነት ነው፤ እንደ ቻርጀር ጫፍ አስቡት። የአንድ ስታንዳርድ ጥቅም የሚለካው ምን ያህል ሰው ይጠቀምበታል በሚለው ነው። ቾይ በየአገሩ ያሠለጠናቸው ታማኝ ሰዎች ነበሩት፤ ኪም የመንግሥት ገንዘብና የኦሊምፒክ ኮሚቴ በር ነበረው። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1980 ለኪም ፌዴሬሽን ዕውቅና ሰጠ። በ1988 ሴዑል ላይ ለትርዒት፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በስምንት ሜዳሊያ ምድቦች ሙሉ ስፖርት ሆነ። ኪም ራሱ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሶ፣ በ2004 በገንዘብ ማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። ስፖርቱን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ስፖርቱ የሚያስተምረውን አይማሩም መሰለኝ።

ቾይ ያንን በር ሲያጣ ሌላ አንኳኳ። በ1980 የትርዒት ቡድን ይዞ ፒዮንግያንግ ገባ። ትውልድ ቀዬውና ዘመዶቹ በዚያ በኩል ነበሩ፤ ከ1945 በኋላ ያልረገጠውን ምድር ማየት የማይፈልግ ሰው የለም። ግን ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ነን፣ እሱም የደቡብ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። ደቡብ ኮሪያ ከዳተኛ አለችው፤ ብዙ የቆዩ ተማሪዎቹም ተለዩት። ኪም ኢል ሱንግ ገንዘብና አሠልጣኞች ሰጠው፣ ፌዴሬሽኑ ተረፈ። በ1985 ዋና መሥሪያ ቤቱ ቪየና ገባ። ዋጋው ምን እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ እሱ ነው።

ከፓተርኖቹ አንዱ፣ ሁለተኛ ዳን ላይ የሚሠራው፣ ኮዳንግ ይባል ነበር። ኮዳንግ የቾ ማን ሲክ የብዕር ስም ነው። ቾ ማን ሲክ በሰሜን ኮሪያ የታወቀ ክርስቲያን የነፃነት ታጋይ ነበር። ከ1945 በኋላ ሶቪየቶችና ኮሙኒስቶች ያቀረቡለትን አልቀበልም ስላለ በቁም እስር ተያዘ፣ ከዚያ ከእስር አልወጣም። በ1980ዎቹ ቾይ ኮዳንግን ከዝርዝሩ አወጣና በቦታው አዲስ ፓተርን አስገባ። ስሙ ጁቼ። ጁቼ የኪም ኢል ሱንግ መንግሥት ርዕዮተ ዓለም ነው። በቴክኒክ ጁቼ ድንቅ ፓተርን ነው፤ ቀስ ብለው የሚወጡት የጎን ርግጫዎቹ ሚዛንን አጥንት ድረስ ይፈትናሉ። ግን የታሰረን ሰው ስም አውጥቶ ያሰሩትን ሰዎች መፈክር ማስገባት ነው የሆነው፤ በቴክኒክ ማሻሻያ ስም ይሄን መሸፈን አይቻልም።

ቤተሰቡም አልተረፈም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የደቡቡን ፕሬዚዳንት ቹን ዱ ህዋንን ለመግደል በተሸረበ ሴራ ልጁ ተጠረጠረ። ልጁ ለዓመታት ተደብቆ ከቆየ በኋላ በ1991 ካናዳ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበታል። አባትና ልጅ ኋላ ላይ በፌዴሬሽኑ ውርስ ተጣሉ።

ቾይ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላም ከአገር አገር እየዞረ ሴሚናር ይሰጥ ነበር። ጥቁር ቀበቶዎችን አቁሞ የእግር ጣት አቀማመጥ ድረስ ያርማል። ጁን 15 ቀን 2002 በሆድ ካንሰር ፒዮንግያንግ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 83 ነበር። የተቀበረው እዚያው፣ መንግሥት አርበኞቼ የሚላቸው በሚያርፉበት መቃብር ነው። ፌዴሬሽኑ ወዲያው ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ሦስቱም ራሳቸውን አይ ቲ ኤፍ ብለው ይጠራሉ፣ ሦስቱም እውነተኛው እኛ ነን ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ መለዘብ ታይቷል። በ2014 የሰሜኑ ክንፍና ወርልድ ናንጂንግ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። በ2018 የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ሁለቱ ቡድኖች በአንድ መድረክ ጣውላ ሰበሩ። የውድድሩ በር ግን አልተከፈተም። የቶኪዮው ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያ የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ነበራት፣ የወጣውም በወርልድ በኩል ነው። በኢንተርናሽናል ክለብ አሥር ዓመት የሠራ ልጅ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን በዚያ በኩል መንገድ የለውም፤ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና ግን አለው። ስለዚህ የምትመዘገቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙን ጠይቁት። የዳን ወረቀቱን ማን ነው የሚሰጠው? ከነጭ እስከ ጥቁር ቀበቶ በየፈተናው የሚከፈለው ተደምሮ ስንት ይመጣል? ወርሃዊ ክፍያው ርካሽ ሆኖ የቀበቶው ውድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ልጅ ከሆነ ደግሞ እግር ሲከፍቱ ቆማችሁ እዩ።

ቾይ የሠራውን ነገር ስመዝን ስሙን ያወጣበትን ችሎታ አደንቃለሁ፣ ታሪኩን ያስዋበበትን አልወድለትም፣ እልኸኝነቱ ያስከፈለውን ዋጋ ደግሞ የከፈሉት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። ዛሬ ከተሰነጠቁት ቡድኖች አንዳንዶቹ ኮዳንግ የሚለውን ስም መልሰዋል። ከእነሱ ውስጥ ድሮ የነበረውን 39 እንቅስቃሴ የሚሠሩ አሉ፤ ስሙን ብቻ መልሰው የጁቼን 45 እንቅስቃሴ የሚሠሩም አሉ። ሌሎቹ ጁቼ እንዳሉ ናቸው። ሁለተኛ ዳን የያዘ ሰው ካጋጠማችሁ የትኛውን እንደሚሠራ ጠይቁት፤ አሠልጣኙ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ከመልሱ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ራሱ ልጁ ለምን እንደሆነ አያውቅም።